መጋዘን ውስጥ የተቆለፈችው መሬት

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ኮምፒውተር ሳይንስ እያጠና ነው፣ "ቲቸር፣ መሬትን ለማጥናት ዋናው ነገር ትልቅ ኮምፒውተር ማግኘት አይደል?" አለኝ። ነገሩ ወዲህ ነው።

አሜሪካኖች ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. መሬትን ከላይ ሆና ፎቶ የምታነሳ ሳተላይት አመጠቁ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ ናቸው።) ኋላ ላንድሳት ተባለች። አንዷ ስታረጅ ሌላዋ እየተተካች፣ ምስሎቹ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ በሱ ፎልስ ከተማ አቅራቢያ ባለ ማዕከል በማግኔት ቴፕ ተከማቹ።

ግን ማን ያያቸዋል? በ1980ዎቹ ሽያጩ ለግል ኩባንያ ተሰጠና የአንድ ምስል ዋጋ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ደረሰ። የእኔ የዓመት ደመወዝ እኮ አንዱንም አይገዛም! ተመራማሪውም ጥያቄውን በኪሱ ልክ ቆረጠ፤ አገር ማጥናት የፈለገው ወረዳ አጠና። ኋላ ዋጋው ወደ 600 ዶላር ወረደ፤ ለብዙዎቻችን ግን ያው ነው።

በ2008 ክምችቱ በነፃ እንዲከፈት ተወሰነ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? በ2013 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ማቲው ሃንሰንና ባልደረቦቹ ከጉግል ጋር ሆነው 654,178 ምስሎችን ፈተሹ። ከ2000 እስከ 2012 የዓለም ደን የት እንደጠፋ፣ የት እንደበቀለ በካርታ አወጡ። አንድ ኮምፒውተር 15 ዓመት የሚፈጅበትን ሥራ 10 ሺህ ኮምፒውተሮች ተጋግዘው በቀናት ጨረሱት።

አሁን እንደ ሒሳብ መምህር ልሁን። እነዚያን ምስሎች በ600 ዶላር ሒሳብ ቢገዟቸው ከ392 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው! ኮምፒውተሩ ቢኖርም ሥራው አይጀመርም ነበር።

ማስተማር ስጀምር ስለ ሐሮማያ ሐይቅ መድረቅ የማስረዳው በጠመኔ ብቻ ነበር። ዛሬ ውሃ የሞላበትንና የደረቀበትን ዘመን ጎን ለጎን በስልኬ አሳያለሁ። ከዳታ ፓኬጅ በቀር አምስት ሳንቲም አልከፍልም።

እና አንተ ልጅ፣ ማሽኑን በርታና ሥራ። ግን መጀመሪያ "መረጃው ለማን ክፍት ነው?" ብለህ ጠይቅ። እናንተስ ወዳጆቼ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ አቧራ የለበሰ የዝናብ፣ የወንዝ፣ የእርሻ መዝገብ የለም? ቁልፉ ማን ጋ ነው?