ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ ከግብፅ የተመለሰው መልክተኛ

በ1663 ዓመት የጎታው መስፍን ኤርንስት፥ ሠላሳ ዓመት ያልሞላውን ዮሐንስ ሚካኤል ቫንስሌብን ከጀርመን አገር ብቻውን ወደ ኢትዮጵያ ላከው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ኹሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ጕዞው ኹለት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ከተላከበትም ነገር ዋናው ሳይፈጸም ቀረ።

የነገሩ ሥር ከዚያ አስቀድሞ ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በሮም ሳሉ፥ ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 አገኛቸውና ግእዝና አማርኛ ከእርሳቸው ተማረ። በ1652 መስፍኑ ወደ ጎታ አስጠርቶ ስለ አገራቸው፥ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ሥርዐታቸው ብዙ ጠየቃቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 በባሕር ሲጓዙ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብራ ሞቱ። መስፍኑም ከእርሳቸው አፍ የሰማውን ሄዶ በዐይኑ የሚያይለት ሰው ፈለገ።

ለዚህ ሥራ ከቫንስሌብ የሚሻል ሰው በዚያ አገር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ግእዝን ከሉዶልፍ ተምሯል፤ በ1661 የሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን ሲታተም ኅትመቱን የተቈጣጠረው እርሱ ነው፤ የዐፄ ገላውዴዎስንም የሃይማኖት መግለጫ በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ አሳትሟል። (ሉዶልፍ በመዝገበ ቃላቱ ኅትመት ደስ አልተሰኘም፤ ተማሪው ያልታዘዘውን ጨምሮበታልና። መምህርና ተማሪ በመጽሐፍ ምክንያት ሲቀያየሙ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።)

ተስፋውም ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም። ጴጥሮስ ሄይሊንግ የሚባል፥ እንደ ቫንስሌብ የሉተርን ትምህርት የሚከተል የሉቤክ ከተማ ሰው፥ በ1630ዎቹ ኢትዮጵያ ገብቶ በቤተ መንግሥት ተወድዶ ኖሯል። ነገር ግን ሄይሊንግ የገባው ከአዲሱ ጳጳስ ከአቡነ ማርቆስ ጋር ነው። ቫንስሌብ የያዘው ግን የሩቅ መስፍን አደራ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የኢትዮጵያን በር ያስከፍት የነበረው ከእስክንድርያ መንበር የሚወጣ ቃል መሆኑን ጎታ ላይ ተቀምጦ የሚያስብ ሰው በቀላሉ አይረዳውም።

ቫንስሌብ በ1664 ካይሮ ገባ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ አባ ማቴዎስ 4ኛ ወደ ኢትዮጵያ መሄዱ አደገኛና የማይጠቅም መሆኑን ነግረው እንዲተወው መከሩት። ምክራቸው ከንቱ ፍርሀት አልነበረም። ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በመቀበላቸው አገሩ በደም ታጥቦ ነበር፤ በ1632 የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ከዚያም ወዲህ የሮም ካህናት እንዳያልፉ ከቱርክ ሹማምንት ጋር ተስማምተው በሩን አስጠበቁ። በ1638 በግብፅ በኩል የገቡ ኹለት የካፑቺን መነኮሳት በጐንደር ተሰቅለው ሞቱ፤ በ1648 ደግሞ ሦስት ካፑቺኖች በሱአኪን አንገታቸው ተቈረጠ። ሄይሊንግ ራሱ እንኳ ከኢትዮጵያ ሲወጣ በቱርክ ሹም እጅ ተገደለ ይባላል። ቫንስሌብ የሉተር ተማሪ እንጂ የሮም ካህን አለመሆኑን መርምሮ የሚለይለት የባሕር በር ጠባቂ ከየት ይገኛል? ግእዙ ያማረ መሆኑም ባላዳነው፤ ጥርጣሬውን ይጨምርበት ነበር እንጂ፤ ኢየሱሳውያኑም የአገሩን ቋንቋ ያውቁ ነበርና።

መንገዱ ተቈረጠ። ቫንስሌብ ቀይ ባሕርን ሳይሻገር በ1665 ወደ ኢጣልያ በሊቮርኖ በኩል ተመለሰ፤ ገንዘቡም አልቆ ነበር። ወደ ጎታ ሄዶ በላከው መስፍን ፊት መቆምን አልደፈረም። ወደ ሮም ሄደ፥ የሉተርን ትምህርት ትቶ ካቶሊክ ሆነ፥ በዶሚኒካውያንም ማኅበር መነኰሰ። መስፍኑ ከሮም ወገን ያልሆነ ወዳጅ ለኢትዮጵያ ሊሰጥ አስቦ የላከው ሰው የሮም መነኵሴ ሆኖ ተገኘ። ሉዶልፍ በዚህ እጅግ ተቈጣ፤ የመስፍኑን ገንዘብ በከንቱ አባክኗል ብሎም ከሰሰው፤ እስከ መጨረሻም አልታረቀውም።

ስለ ገንዘቡ ሉዶልፍ ምክንያት አጥቶ አልተቈጣ ይሆናል። ስለ መንገዱ ግን በሱአኪን የሆነውን የሚያውቅ ሰው ቫንስሌብን ፈሪ ብሎ ለመንቀፍ አይቸኵልም። ሉዶልፍም ቢሆን በሙሉ ዘመኑ የኢትዮጵያን ምድር አልረገጠም።

ቫንስሌብ ግን ምኞቱን አልተወም። በ1671 የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር መጻሕፍት እንዲሰበስብና ወደ ኢትዮጵያም እንዲያልፍ አዝዞ ዳግመኛ ላከው። በ1672ና በ1673 ግብፅን ዞረ፥ ገዳማቱን ጐበኘ፥ በመቶ የሚቈጠሩ የብራናና የወረቀት መጻሕፍት ገዝቶ ላከ፤ ወደ ኢትዮጵያ ግን በዚህም ጊዜ አላለፈም። ወደ ቍስጥንጥንያ ከሄደ በኋላ ተጠርቶ በ1676 ፓሪስ ተመለሰ፤ የተቀበለውም እንደ ድካሙ አልነበረም። በ1677 የእስክንድርያን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አሳተመ፤ ያን ጊዜ ጕዞውን ካስቀረበት መንበር የተማረውን በዚያ ጻፈው። በ1679 በፎንቴንብሎ አጠገብ ባለች ቡሮን በምትባል መንደር፥ ዕድሜው 43 ሳለ ሞተ።

ከኹለት ዓመት በኋላ፥ በ1681፥ ሉዶልፍ ታላቁን የኢትዮጵያ ታሪክ በላቲን አወጣ። ስለ አገሩ የሚናገረው አብዛኛው ነገር ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ የሰማው ነው። ቫንስሌብ ከግብፅ የላካቸው መጻሕፍት ዛሬም በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።