ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን

እንጨት፣ ብረትና መስታወት፤ 1960ዎቹ

በስተቀኝ ያለው ትልቁ ማዞሪያ የጣቢያ መለወጫ ነው። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብቻውን ስለነበር፣ ተመልካች የሚያየውን የሚመርጡት ኃላፊዎቹና የበላዮቻቸው ነበሩ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እንግሊዞች ፊልሙን ካዩት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። የወሎ ጎረቤት ለሆነችው ለአርብ ገበያ ከተማ ግን ሥርጭቱ ገና አይደርስም ነበር።

የሕዝብ ቴሌቪዥን መሪ የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው፦ የተራበ ወገን ዜና ነፍስ ሊያድን በሚችልበት ሰዓት እንዲሰማ በማድረጉ።