ያን ባሕር ለመሻገር ድፍረቱን ከየት አገኙት?

(በሬዲዮ ከቀረበ ዝግጅት ለመጽሔት የተሰናዳ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ ሐበሻ ሂጅራ በተነሳ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚወሳው የነጃሺ ፍትሕ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ አገራችን በኢስላም ታሪክ ውስጥ በክብር የምትጠራበት ምዕራፍ ነውና። ዛሬ ግን ዓይናችንን ለጥቂት ጊዜ ከንጉሡ ዙፋን ላይ አንስተን ወደ ባሕሩ ማዶ፣ ወደ መካ እንመልስ። ቤታቸውን ዘግተው፣ ዘመድ አዝማዳቸውን ትተው የወጡት እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? አልፈሩም ነበርን? ከፈሩስ ፍርሃታቸውን እንዴት አለፉት?

ዘመኑ እ.ኤ.አ 615 ነው። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከተላኩ አምስተኛው ዓመት ላይ ነን። በመካ ምድር ፖሊስ የለም፤ ደካማ ሄዶ የሚከስበት ፍርድ ቤትም የለም። የሰው ሕይወትና ንብረት የሚጠበቀው በጎሳው ነው። ጎሳ ያለው ሰው ቢነካ የሚቆጣለት፣ ቢሞት ደሙን የሚጠይቅለት አለው። ጎሳውን የተወ ሰው ግን ሜዳ ላይ እንደ ቀረ በግ ነው። ስለዚህ ያኔ አገር ጥሎ መውጣት ማለት ያለውን አንድ ዋስትና በገዛ እጅ መጣል ማለት ነበር።

በዚያው ልክ መቅረቱም ከባድ ሆነ። የቁረይሽ መሪዎች በየቤታቸው የሰለመውን መቅጣት ጀመሩ። ባሪያ የሆነው በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ ተጣለ፤ ነጋዴው ገበያ ተዘጋበት፤ የትልልቅ ሰዎች ልጆችም በገዛ አባቶቻቸውና አጎቶቻቸው ታሰሩ። በዚህ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለባልደረቦቻቸው አንድ መንገድ አመለከቱ፤ በሐበሻ ምድር በእርሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለና አላህ ፈረጃውን እስኪያመጣ ድረስ ወደዚያ ቢሄዱ እንደሚሻል ነገሯቸው።

በረጀብ ወር 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ተነሱ። ቁጥሩ ላይ የሲራ ጸሐፊዎች በአንድ ሰው ይለያያሉ። ከመካከላቸው የነብዩ ልጅ ሩቀያና ባሏ ዑስማን ኢብን ዐፋን ነበሩ። የቁረይሽ ታላላቅ ከሆኑት አንዱ የነበረው የሱሀይል ኢብን ዐምር ልጅ ሰህላ ከባሏ ከአቡ ሑዘይፋ ጋር ወጣች፤ የአቡ ሑዘይፋ አባት ዑትባ ደግሞ ከኢስላም ዋነኛ ተቃዋሚዎች አንዱ ነበር። ኡሙ ሰለማ ከባሏ ከአቡ ሰለማ ጋር ነበረች። አራተኛዋ ሴት ለይላ ቢንት አቢ ሐሥማ ናት።

እስቲ ለይላ ዘንድ ትንሽ እንቆይ፤ ስለዚያች የመነሻ ቀን ያስተላለፈችልን እርሷ ናትና።

የለይላ ባል ዓሚር ኢብን ረቢዓ በትውልዱ ቁረይሽ አልነበረም። ከሌላ ጎሳ መጥቶ በኸጧብ ቤተሰብ የተጠጋ ሰው ነው። የኸጧብ ልጅ ዑመር በዚያን ጊዜ ገና አልሰለመም፤ በሙስሊሞች ላይም ብርቱ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ እነዚህ ባልና ሚስት የሚሸሹት ካስጠጋቸው ቤት ልጅ ጭምር ነው።

ባሏ ለአንድ ጉዳይ ወጣ ብሎ ለይላ ለጉዞ ስትሰናዳ ዑመር ድንገት መጣና ቆመ። መሄዳችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ምን ትበል? «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብላ ልታመልጥ ትችል ነበር። እርሷ ግን አልዋሸችም። አዎን፣ አሠቃያችሁን፣ በደላችሁን፤ አላህ መውጫ እስኪሰጠን ድረስ በእርሱ ምድር ላይ እንሄዳለን ስትል ፊት ለፊት ነገረችው። ዑመርም አላህ ይከተላችሁ ብሏት አዝኖ ሄደ። በፊቱ ላይ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀውን ርኅራኄ አየች። ባሏ ሲመለስ የሆነውን በተስፋ ነገረችው። እርሱ ግን የኸጧብ አህያ ካልሰለመ በቀር ዑመር አይሰልምም ብሎ ቀለደባት። ብዙም ሳይቆይ ዑመር ሰለመ። ዓሚር ተስፋ በቆረጠበት ነገር ሚስቱ ትክክል ሆና ተገኘች።

ውድ አድማጮች፣ ድፍረት ማለት ይህ ነው። ለይላ ሰይፍ አልመዘዘችም። ያደረገችው አንድ እውነተኛ ቃል መናገር ብቻ ነው፤ ያም ቃል በጠላት ልብ ውስጥ ሥራውን ሠራ።

መንገደኞቹ ገሚሱ በእግር፣ ገሚሱ በግመል ተደብቀው ሹዐይባ ወደተባለው የባሕር ዳርቻ ደረሱ። ጅዳ የመካ ወደብ ከመሆኗ በፊት ወደቡ ይህ ነበር። እንደ አላህ ፈቃድ ሁለት የነጋዴ መርከቦች ቆመው አገኙና በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ቁረይሾች ዱካቸውን ተከትለው ባሕሩ ድረስ መጡ፤ ግን ማንንም አልያዙም። በመያዝና በማምለጥ መካከል የነበረው ልዩነት እንግዲህ የጥቂት ሰዓት ጉዳይ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። ነገር ግን ከሁለት ወር በኋላ የመካ ሰዎች ሰልመዋል የሚል ወሬ ሐበሻ ደረሰና ብዙዎቹ በሸዋል ወር ተመለሱ። መካ ሲቃረቡ ወሬው ሐሰት ሆኖ አገኙት። አንዳንዱ ተደብቆ፣ አንዳንዱ የአንድ ሹም ከለላ ለምኖ ገባ። ዑስማን ኢብን መዝዑን ለምሳሌ በወሊድ ኢብን ሙጊራ ከለላ ገብቶ ነበር። ሆኖም ጓደኞቹ እየተደበደቡ እርሱ ብቻ በሰላም መመላለሱ አሳፈረውና ከለላውን በአደባባይ መለሰ። ብዙም ሳይቆይ በተነሳ ጠብ ዓይኑ ላይ ተመታ፤ በውሳኔው ግን አልተጸጸተም።

አሁን ልብ በሉ። መጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሰው የሚጠብቀውን ችግር ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ የሚወጣው ግን ሁሉን አውቆ ነው፤ ባሕሩን ያውቀዋል፣ ስደቱን ቀምሶታል፣ ቁረይሽም ነቅቶበታል። ይህም ሆኖ በሁለተኛው ሂጅራ የወጡት ከ80 በላይ ወንዶችና 18 ያህል ሴቶች ነበሩ። የ15ቱ ሰዎች እርምጃ ለመቶው መንገድ ከፈተ። አንድ ሰው ሲደፍር ሌላው «ለካ ይቻላል» ይላልና።

ከእነዚህ መካከል ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ወጣቷ ሚስቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ ይገኙበታል። ቁረይሽ ዝም አላለም፤ ዐምር ኢብኑል ዓስንና አንድ ጓደኛውን በመካ የተወደደ የቆዳ ስጦታ አስይዞ ላከ። መልእክተኞቹ በቅድሚያ ለሹማምንቱ ስጦታ አደሉ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ እንዲሰጧቸውም አግባቡ። ሹማምንቱ ተስማሙ፤ ንጉሡ ግን ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አለ።

ጥሪው ሲደርሳቸው ስደተኞቹ ተሰብስበው መከሩ። ምን እንበለው? ይህን የምታወራልን ኡሙ ሰለማ ናት፤ በቦታው ነበረች። ነገሩን ማለዘብ፣ ንጉሡ የሚወደውን ብቻ መናገር ይቻል ነበር። እነርሱ ግን የመጣው ይምጣ፣ የምናውቀውንና ነብያችን ያዘዙንን እንናገራለን ብለው ተስማሙ። ጃዕፈርም ቆሞ ጣዖት የሚያመልኩ፣ ጉልበተኛው ደካማውን የሚበላበት ሕዝብ እንደነበሩ፣ አላህም እውነትን፣ አማናንና ዝምድናን መጠበቅን የሚያስተምር መልእክተኛ እንደላከላቸው አስረዳ። ከሱረቱ መርየምም ቀራ። ንጉሡ አለቀሰ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚሉትን ጠይቃቸው ብሎ ሌላ ወጥመድ ዘረጋ። ያች ሌሊት ከሁሉ የከበደች ነበረች። አሁንም መከሩ፤ አሁንም እውነቱን ተናገሩ። ንጉሡ የቁረይሽን ስጦታ አስመልሶ በምድሩ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው።

ሹማምንቱ እያጉረመረሙ ፍትሕን የመረጠው ነጃሺም ቢሆን የራሱን አደጋ እንደተጋፈጠ አንርሳ። ኋላ አንድ ተቀናቃኝ ተነሳበት። ስደተኞቹ በጭንቀት ዱዓ ያደርጉ ነበር፤ ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ ዙበይር በተነፋ አቁማዳ ወንዝ ዋኝቶ ተሻግሮ ውጊያውን ተመለከተ፤ የንጉሡንም ድል አበሰራቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ረጅሙ ፈተና፣ ትዕግሥት ነው። ከፊሎቹ ቀደም ብለው ቢመለሱም እነ ጃዕፈር በሐበሻ 12 ዓመት ገደማ ቆዩ። አስማእ ሦስት ወንዶች ልጆችን እዚሁ ወለደች። የአቡ ሱፍያን ልጅ ኡሙ ሐቢባ ባሏን በባዕድ አገር አጥታ ከልጇ ጋር ቀረች፤ በኋላ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያጯት መህሯን የከፈለላት ነጃሺ ነው። የነብዩን ናፍቆት የተሸከሙ፣ የበድርና የኡሑድን ወሬ ከሩቅ የሰሙ፣ እዚሁ አፈር የለበሱም አሉ።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ በ628፣ የቀሩት በሁለት መርከብ ተመለሱ። መዲና ሲደርሱ ዑመር አስማእን አግኝቶ በሂጅራ ቀድመናችኋል፤ ለመልእክተኛው እኛ እንቀርባለን አላት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ የተራበውን ከሚያበሉ፣ ያላወቀውን ከሚያስተምሩ ነብይ ጋር ነበራችሁ፤ እኛ ግን በሩቅ አገር በፍርሃት ውስጥ ነበርን ብላ መለሰችለት። ነገሩንም ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሰደችው። እርሳቸውም ዑመርና ጓደኞቹ አንድ ሂጅራ እንዳላቸው፣ የመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት እንዳላቸው ነገሯት። የመርከቡ ሰዎች ይህን ብሥራት ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን እየመጡ ይጠይቋት ነበር። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ያስደሰታቸው ነገር አልነበረም።

ከሐበሻ የተመለሰች ኡሙ ኻሊድ የምትባል እዚሁ የተወለደች ልጅም ነበረች። ነብዩ ያማረ ልብስ አልብሰው «ሰናህ» አሏት። በሐበሾች ቋንቋ መልካም፣ ያማረ ማለት ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው «ሠናይ» የሚለውን ቃል እዚህ ውስጥ ይሰማዋል። ከስደተኞቹ ጋር ቃላችንም ባሕሩን ተሻግሯል።

ውድ አድማጮች፣ ይህን ታሪክ ስናነሳ የዛሬውን ቀይ ባሕር መዝለል አንችልም። ያኔ ወደ እኛ ያሻገረው ባሕር ዛሬ ልጆቻችንን ወደዚያ ማዶ ያሻግራል። ከቦሳሶና ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ታጭቀው ወደ የመን ከተነሱት ወጣቶች ስንቶቹ በውኃ ቀርተዋል! አንዳንድ ደላላ ይህን ጉዞ «ሂጅራ ነው፣ ድፈሩ» እያለ ሲሰብክ ይሰማል። ወንድሞችና እህቶች፣ ድፍረትና ራስን ለጥፋት መስጠት አንድ አይደሉም።

የሐበሻ ስደተኞች ወዴት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር፤ ያመለከቷቸው የታመኑ ሰው ናቸው። በሚሄዱበት አገር ፍትሕ እንዳለ ተረድተዋል። ብቻቸውን አልሄዱም፤ መክረው፣ ተባብረው ሄዱ። ዛሬ የአንዲት እህታችንን እናት ከብቷን አሽጦ ገንዘብ የሚቀበለው ደላላ ግን የመድረሻውን ሰው አያውቀውም፤ ቢያውቀውም አይናገርም። ቤተሰብ ለመርዳት መንገድ የጀመረችውን ልጅ አንወቅስም፤ ችግሯን እናውቃለንና። ነገር ግን ከመነሳቷ በፊት ማን ጋር ነው የምትሄጂው? ማን አይቶ መሰከረ? ብሎ መጠየቅ የወላጅ፣ የጎረቤትና የመስጂድ ጀመዓ ግዴታ ነው። በባዕድ አገር ጥግ ፈልጎ ወደ እኛ የመጣውን መንገደኛ መቀበልም የነጃሺ አገር ሰዎች ውርስ ነው።

ደግሞም ድፍረት ሁሉ ባሕር መሻገር አይደለም። ከወለድ ብድር ለመውጣት ንግዱን ያሳነሰ ነጋዴ፣ ዘመዱ ላይ እውነቱን የመሰከረ ምስክር፣ በአርባ ዓመቷ ፊደል ለመቁጠር የማታ ትምህርት ቤት የገባች እናት፣ እነዚህም የየራሳቸውን ሹዐይባ ደርሰዋል። ልባቸው ሳይመታ ቀርቶ አይደለም። የለይላም ልብ ዑመር ፊቷ ሲቆም ሳይመታ አልቀረም። ፍርሃት ወደ አላህ ከተመለሰ፣ ከታመነ ሰው ምክር ከተገኘበትና ጓደኛ ካለው፣ ግማሽ ዲናር የያዘ ሰውም ባሕር ይሻገራል።

አላህ ለምናውቀው እውነት የምንቆምበትን ጽናት፣ ከጥፋት የምንመለስበትን ማስተዋል ይስጠን። በባሕርና በበረሃ የቀሩትን ይማርልን፤ በመንገድ ያሉትንም በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን። አሚን።