ምሥጢረ ሥጋዌ

እግዚአብሔር ወልድ ከድንግል ማርያም ሥጋና ነፍስ ነሥቶ ፍጹም አምላክ፣ ፍጹም ሰው ሆነ የሚል የክርስትና ትምህርት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ሁለተኛው ነው።

ወልድን ፍጡር ያለው አርዮስ እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ ተወገዘ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ይከብድ ነበር፤ መለኮትና ሥጋ እንዴት ተዋሐዱ? የቁስጥንጥንያው ንስጥሮስ ማርያምን «ወላዲተ አምላክ» ማለትን ሲቃወም የእስክንድርያው ቄርሎስ ተሟገተው፤ የኤፌሶን ጉባኤም በ431 ለቄርሎስ ፈረደ። በ451 ኬልቄዶን ላይ ግን ቤተ ክርስቲያን ተከፈለች። ሮምና ቁስጥንጥንያ አንድ አካል በሁለት ባሕርይ አሉ፤ የእስክንድርያ ወገን ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለየት አንድ ባሕርይ በሚለው ጸና። ይህን ወገን፣ ሥጋ በመለኮት ተዋጠ ያለው የአውጣኬ ተከታይ ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ይህ ወገን ራሱ አውጣኬን ያወግዛል።

የእስክንድርያን ወገን በተከተለችው ኢትዮጵያ ውስጥ ሙግቱ የዞረው በአንድ ነጥብ ላይ ነበር፤ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ሲባል ምን ማለት ነው? የጎጃም ቅባቶች ሥጋ በቅብዐት ከበረ አሉ። ጸጎች የተባሉት ከአብና ከማርያም ልደት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት ጨመሩ። ተዋሕዶዎች ደግሞ ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። ነገሩ ከሊቃውንት ጉባኤ አልፎ ቤተ መንግሥት ገባና አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አስቀምጠው ለተዋሕዶ አስፈረዱ።