የቆየ መኪና የሞተር ዘይት ሲያንጠባጥብ በቤት ምን ማድረግ ይቻላል?

ዘመሮ (ሰሜን ሸዋ) - የሞተር ዘይት የሚያንጠባጥብ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ነው፡፡ ባለቤቱ መኪናውን በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጋራዥ ይወስዳል፤ የሚያስፈልገውን ጓርኒሲዮን ከመለዋወጫ መደብር ገዝቶ ያስለውጣል፤ ማምሻውን ወደ ቤቱ ይመለሳል፡፡ በመንዝ ደጋ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው፡፡ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከዘመሮ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበትን ረጅም መንገድ ማለፍ ግድ ይላል፡፡ ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ይቀራል፡፡ በመሆኑም ዘይቱ እየቀነሰ የሚሄድን መኪና ለማስጠገን የሚደረገው ጉዞ ራሱ ሞተሩን ለከፋ ጉዳት ሊዳርገው ይችላል፡፡ ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

የቆዩ መኪኖች ጉዳይ ነገ ከነገ ወዲያ የሚያበቃ አይደለም፡፡ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚጨምር ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል፡፡ ይህም ማለት በመንግሥት ሠራተኛው ግቢ የቆመችው ኮሮላ ዲኤክስም ሆነች በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጅ ያለው ላንድ ክሩዘር ለብዙ ዓመታት እየተጠገኑ ማገልገላቸውን ይቀጥላሉ ማለት ነው፡፡

የጠብታው ስሌት

ብዙ ሰው ከመኪናው ሥር ጥቂት የዘይት ጠብታ ሲያይ እንደ ቀላል ነገር ያልፈዋል፡፡ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል ብለን ብናሰላ፣ በየደቂቃው አንድ ጠብታ የሚጥል ሞተር በ24 ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ወር ደግሞ ከ2 ሊትር በላይ ዘይት ያጣል፡፡ በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች የዘይት መለኪያ ዘንግ ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው፡፡ ስለዚህ በየወሩ ብቻ የሚታይ ዘይት በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሚፈቀደው በታች ሊወርድ ይችላል ማለት ነው፡፡

በመንዝ ዓይነቱ መልክዓ ምድር ይህ ጉድለት ይበልጥ ይከፋል፡፡ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ኮፓ በሚባለው፣ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፡፡ ዘይቱ በቂ ሲሆን ይህ ችግር አያመጣም፡፡ ካነሰ ግን ፓምፑ በዘይት ፋንታ አየር ይስባል፤ ብሮንዚናዎቹም ያለ ቅባት ይቀራሉ፡፡ እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት መጥቀስ ያስፈልጋል፡፡ ከመሪው ፊት ለፊት የሚበራው ቀይ የዘይት መብራት በአብዛኞቹ የቆዩ መኪኖች የሚናገረው ስለ ዘይቱ መጠን ሳይሆን ስለ ግፊቱ ነው፡፡ መብራቱ በጉዞ ላይ ከበራ ጉዳቱ ደጃፍ ላይ ደርሷል፤ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት እንጂ "እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ" ማለት አይገባም፡፡ መጠኑን የሚነግረው መለኪያ ዘንጉ ብቻ ሲሆን፣ እሱም መታየት ያለበት መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በኋላ ነው፡፡

ምንጩን ማግኘት

የቤት ጥገና ብዙውን ጊዜ የሚከሽፈው እጅ ስላጠረ ሳይሆን ፍለጋው ስለተቻኮለ ነው፡፡ በመጀመሪያ የሚንጠባጠበው በእርግጥ የሞተር ዘይት መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፡፡ ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፎ ጠዋት ማየት በቂ ነው፡፡ የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፡፡ የራዲያተር ፈሳሽ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ውኃ ይመስላል፡፡ የካምቢዮ ዘይት ወፍራምና የድኝ ሽታ ያለው ነው፡፡ በጎማ አካባቢ የሚታይ ቀጭንና የሚያሟልጭ ፈሳሽ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ መኪና ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም፡፡

ቀጥሎ የሚመጣው እጥበት ነው፡፡ በጥርጊያ መንገድ ላይ የሚሠራ መኪና ሞተር ዘይትና አቧራ ተጋግሮበት ስለሚኖር፣ ሳይታጠብ ምንጩን መለየት አይቻልም፡፡ በቀዘቀዘ ሞተር ላይ ነጭ ጋዝ በብሩሽ እያስነኩ መፈግፈግ፣ ከዚያም በሳሙና ውኃ ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል፡፡ ቤንዚን ለዚህ ሥራ መዋል የለበትም፤ ጋዙም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ሳይወጣ ሞተሩ አይነሳም፡፡ ዲናሞውንና የኤሌክትሪክ መስመሮቹን በላስቲክ መሸፈንም መዘንጋት የለበትም፡፡ ሞተሩ ከደረቀ በኋላ በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስንሶ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት፣ ተመልሶም በባትሪ መብራት መመልከት ነው፡፡ ነጩ ዱቄት የጠቆረበት መስመር ዘይቱ የመጣበትን መንገድ ያሳያል፡፡ ዘይት በክብደቱ ወደ ታች፣ በነፋሱ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል፡፡ ስለዚህ ምንጩ የሚገኘው ጠብታው ከሚወድቅበት ሳይሆን ከረጠበው ቦታ ሁሉ ከፍ ብሎ፣ ወደ ፊትም ቀደም ብሎ ካለው ነጥብ ላይ ነው፡፡ ኮፓው ያፈሳል ተብሎ የሚፈታው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ፣ ከቴስታታው ክዳን የመጣ ሆኖ ይገኛል፡፡

የሞተሩ መተንፈሻ

ጓርኒሲዮን ከመቀየር በፊት መታየት ያለበትና በቤት ውስጥ ጥገና ብዙውን ጊዜ የሚዘለል አንድ ክፍል አለ፤ እሱም የሞተሩ መተንፈሻ ነው፡፡ ማንኛውም ሞተር ሲሠራ በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል ጥቂት ጋዝ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ክፍል ያልፋል፡፡ ይህ ጋዝ ከቴስታታው ክዳን በሚነሳ የጎማ ቱቦ አማካይነት ተመልሶ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል፡፡ ቱቦው በዝቃጭ ከተደፈነ ወይም ከተጣመመ ግን ጋዙ መውጫ ያጣል፤ በውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ዘይቱንም ደካማ በሆነው መጋጠሚያ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል፡፡ እንዲህ ባለ ሞተር ላይ የላይኛውን ጓርኒሲዮን ቢቀይሩት በታች፣ የታችኛውን ቢቀይሩት በኋላ በኩል ማፍሰሱ አይቀርም፡፡ ባለቤቱም መለዋወጫው አስመስሎ የተሠራ ነው ብሎ ነጋዴውን ይወቅሳል፡፡

ምርመራው ወጪ የለውም፡፡ ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየሠራ ሳለ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን በጥንቃቄ ማላላት ነው፡፡ ቀለል ያለ ትንፋሽ ጤናማ ነው፡፡ ክዳኑን የሚያዘልል ወይም ጭስ የቀላቀለ ጠንካራ ግፊት ካለ ግን መተንፈሻው ተደፍኗል፤ አለዚያም የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል፡፡ ቱቦውን ነቅሎ በነጭ ጋዝ ማጠብና አድርቆ መመለስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፡፡ በቤንዚን በሚሠሩ መኪኖች ላይ በቱቦው ጫፍ የምትገኝ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ነቅለው ሲያናውጧት ካልተንኳኳች መታጠብ ወይም መለወጥ ይኖርባታል፡፡ ከጽዳቱ በኋላም ግፊቱ ካልቀነሰ ጉዳዩ የቀለበቶቹ ነው፡፡ ያን ጊዜ ጓርኒሲዮን መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል፡፡

የደጋው ብርድም በዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው፡፡ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር ጀምሮ በሚገኘው የመንዝ ጓሳ አካባቢ በብርድ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች ይወርዳል፡፡ ዘይቱ ይወፍራል፤ በዕድሜ የደረቁት የጎማ ማሸጊያዎችም ይበልጥ ይጠጥራሉ፡፡ ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ጋዝ መርገጥ እነዚህን ማሸጊያዎች ይጎዳል፡፡ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ እንዲሠራ መተው፣ ከዚያም ሳይጣደፉ መንቀሳቀስ ይመረጣል፡፡

በእጅ የሚሠሩ ጥገናዎች

ቀላሎቹ ፊልትሮውና የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ናቸው፡፡ ዘይት ሲቀየር የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ላይ ከታሰረ ዘይቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተረጭቶ ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ቦታውን በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፡፡ አዲሱ ጎማ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ብቻ ይጠብቃል፡፡ የማፍሰሻው ብሎን ካፈሰሰ ደግሞ መፍትሔው ይበልጥ ማጥበቅ ሳይሆን ሮንዴላውን መቀየር ነው፡፡ በኃይል የጠበቀ ብሎን የኮፓውን ጥርስ ይበላል፡፡

የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን መጠነኛ የመፍቻ ስብስብ ያለው ሰው ሁሉ ሊቀይረው የሚችል ነው፡፡ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ ክዳኑ ይፈታል፤ አሮጌው ጓርኒሲዮን ብረቱን በማይጭር የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ፍቀት ይነሳል፤ ሁለቱም ገጽ በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ይወለወላል፡፡ ሲታሰር ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር፣ እኩል እየጠበቁ ይሄዳሉ፡፡ የእነዚህ ብሎኖች መጥበቂያ ልክ በአብዛኛው ከ10 ኒውተን ሜትር ብዙም የማይርቅ ስለሆነ፣ አጭር መፍቻ በሁለት ጣት መያዝ ይበቃል፡፡ ጉልበት የተጨመረበት ክዳን ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው ጓርኒሲዮን አይኖርም፡፡ ሲሊኮን ማብዛትም ሌላው ጥፋት ነው፡፡ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርሶ የዘይት ፓምፑን መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፡፡ አምራቹ ባዘዘበት ማዕዘን ላይ በስሱ ከመቀባት አይታለፍም፡፡

(ጓርኒሲዮን፣ ኮፓ፣ ቴስታታ፣ ፊልትሮ፣ ብሎን፣ ሮንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፡፡ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻም የዚያው የጣሊያን ዘመን ሥራ ነው፡፡)

ከመኪናው ሥር መግባት የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር በፍጹም መግባት አይገባም፡፡ ድንጋይ ደርቦ መደገፍም አያስተማምንም፡፡ መኪናው በደልዳላ ቦታ፣ ጎማዎቹ ታግደው፣ በብረት ማቆሚያ ላይ መቀመጥ አለበት፡፡ ይህ ካልተሟላ ሥራው ይቅር፡፡

ለባለሙያ የሚተዉ

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚያንጠባጥብ ዘይት የኋላውን ፓራዎሊዮ፣ ማለትም በዋናው ዘንግ ዙሪያ ያለውን የጎማ ቀለበት የሚመለከት ነው፡፡ እሱን ለመቀየር ካምቢዮና ፍሪሲዮን መውረድ ስላለባቸው የግቢ ሥራ አይደለም፡፡ ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ከደረሰም መኪናው ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ይላል፡፡

ከሁሉም የሚያሳስበው የፊተኛው ፓራዎሊዮ ነው፡፡ ብዙዎቹ የወረዳ ላንድ ክሩዘሮች የተገጠመላቸው ዋን ኤች ዜድ የተባለው 4 ነጥብ 2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በጎማ ቺንጋ ነው፡፡ የቆዩት የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮችም እንዲሁ ናቸው፡፡ ዘይት የነካው ቺንጋ ከጊዜው በፊት ይበላል፤ ከተበጠሰም ፒስተኖቹ ቫልቮቹን ይመታሉ፤ ሞተሩም በአንድ ቅጽበት ከጥቅም ውጭ ይሆናል፡፡ በቺንጋው ሽፋን ሥር ዘይት የታየበት ተሽከርካሪ ለመስክ ሥራ ሊመደብ አይገባም፡፡ በጭስ ማውጫው ላይ የሚንጠባጠብ ዘይትም እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል እንደዚሁ ነው፡፡

ወፍራም ዘይት መጨመር እንደ መፍትሔ ሲመከር ይሰማል፡፡ ማንጠባጠቡን ለጊዜው ሊቀንሰው ይችላል፤ ነገር ግን በብርዳማ ጠዋት ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ስለሚዘገይ ለመንዝ አየር የሚመረጥ አይደለም፡፡ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 15 ደብሊው 40፣ መከበር ይኖርበታል፡፡ ማንጠባጠብ ያቆማሉ ተብለው የሚሸጡ ፈሳሾች የደረቀ ጎማ በማሳበጥ የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ለተቀደደ ጓርኒሲዮን ምንም አይፈይዱም፡፡ "ስለሚያፈስ ይተርፈው" ተብሎ ከላይኛው ምልክት በላይ የሚሞላ ዘይትም በዋናው ዘንግ እየተናጠ አረፋ ይሆናል፤ ችግሩንም ያባብሰዋል፡፡

የመንግሥት ተሽከርካሪን በሚመለከት ሹፌሩ በራሱ ፈቃድ ሞተር ሊፈታ አይችልም፡፡ የዘይቱን መጠን በየጠዋቱ አይቶ መመዝገብ ግን ይችላል፡፡ ስንት ሊትር በስንት ኪሎ ሜትር እንደተጨመረ በቀን የተጻፈበት ደብተር ለስምሪት ኃላፊው የጥገና ጥያቄውን አጣዳፊነት ያሳያል፡፡ በ2002 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 የሚጠይቀው ምርመራ በዓመት አንዴ የሚደረግ በመሆኑ የዚህን ደብተር ቦታ አይተካም፡፡

በጥገናው ወቅት የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ወይም ወንዝ ዳር መደፋት የለበትም፡፡ በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አካባቢን መበከል ይከለክላል፡፡ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚገልጸው ከአንድ የዘይት ቅያሪ የሚወጣው ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ወይም 3 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ፣ ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል፡፡ ዘይቱን በሚከደን ጀሪካን አጠራቅሞ፣ መኪናው ወደ ደብረ ብርሃን ሲወርድ ያገለገለ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ማስረከብ ይቻላል፡፡ ጀሪካኑ ላይ ምንነቱን መጻፍና ከምግብ ዘይት ዕቃ ለይቶ ማስቀመጥም ያስፈልጋል፡፡