ጉግስና ወራቱ፤ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ስለ ነበረው የውርወራ ውድድር

መግቢያ

በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ክብ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። የውጭ አገር መምህራን ከምሳ በኋላ ትንንሽ ፍላጻ እየወረወሩ ይጫወቱበት ነበር። ጨዋታው ዳርት ይባላል። እኛ ተማሪዎች በመስኮት እያየን እንስቅ ነበር፤ ምክንያቱም ከደጋ የመጣ ልጅ ሁሉ ውርወራ የሚያውቀው በሜዳ እንጂ በክፍል ውስጥ አልነበረም። ኋላ ግን ስለዚሁ ጨዋታ ስናነብ ሣቃችን ወደ ጥያቄ ተለወጠ።

ዳርት ዛሬ በእንግሊዝ አገርና በሌሎችም አገሮች የእንጀራ ሙያ ሆኖአል። የሰሌዳው መካከል ከወለል 1.73 ሜትር ከፍ ይላል፤ ወርዋሪው በ2.37 ሜትር ርቀት ይቆማል፤ በየተራው ሦስት ሦስት ፍላጻ እየወረወረ ከ501 ነጥብ ጀምሮ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ታላላቆቹ ተጫዋቾች ከቀድሞው ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን ድርጅት ካቋቋሙ ወዲህ፣ ውድድሩ ዓመቱን ሙሉ የሚሄድ ሥርዓት አግኝቶአል። በዋናው ዙር የመወዳደር ፈቃድ ያላቸው 128 ሰዎች ናቸው። ፈቃድ የሌለው ሰው፣ ከ2011 ጀምሮ በየጥር ወር በሚደረገው ማጣሪያ ይሞክራል። የተጫዋቾች ደረጃ የሚወሰነው በሁለት ዓመት ውስጥ ባገኙት የሽልማት ገንዘብ ነው። የዓመቱ ትልቁ ውድድር የሚፈጸመው ለንደን ከተማ በሚገኘው በአሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ሲሆን፣ በጥር 3 ቀን 2025 ሉክ ሊትለር የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ማይክል ቫን ገርዌንን 7 ለ3 ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ።

እንግዲህ ጥያቄአችን ይህ ነው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ የራሱ የውርወራ ውድድር ነበረው፤ ስሙም ጉግስ ነው። ለዚህ ውድድር እንደ ዳርቱ የታወቀ ወራት፣ ማጣሪያና የደረጃ አሰጣጥ ነበረውን? በእኛ አስተያየት ሦስቱም ነበሩት። ወራቱን የቤተ ክርስቲያን በዓልና የእርሻ ሥራ ወሰኑት፤ ማጣሪያው ፈረስ ነበር፤ ደረጃው የፈረስ ስም ነበር። ከዚህም ጋር ጨዋታው የደከመበት ምክንያት በዚሁ ማጣሪያ ውስጥ እንደሚገኝ ለማሳየት እንሞክራለን።

ስለ ጨዋታው

ጉግስ በፈረስ የሚደረግ የውርወራ ጨዋታ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው በሰፊ ሜዳ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ከአንዱ ወገን አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ወጥተው ሽምጥ ሲጋልቡ፣ ከሌላው ወገን አሳዳጆች ይከተሉአቸዋል። አሳዳጁ በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረውራል። የሚሸሸው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል፤ ወይም በኮርቻው ላይ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል። ጋሻው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ነው። የቀድሞው ፈረሰኛ እርካቡን የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣት ብቻ ስለ ነበረ፣ እየጋለበ ወደ ኋላ መዞርና ዘንግ መወርወር ምን ያህል ልምምድ እንደሚጠይቅ አንባቢ ሊገምት ይችላል።

ከዳርት የሚለይበት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በዳርት ሰሌዳው አይንቀሳቀስም፤ ወርዋሪውም ቆሞ ይወረውራል። በጉግስ ግን ወርዋሪውም ዒላማውም ይሮጣሉ፤ ከዚያም በላይ፣ አሁን ዒላማ የነበረው ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ወርዋሪ ይሆናል። ስለዚህ ጨዋታው ዓይንን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትንም ይፈትን ነበር። የተመታ ሰው በተራው ሲወረውር ቂም እንዳይዝ ይጠበቅበት ነበርና።

ይህ ጨዋታ የጦርነት ትምህርት ቤት እንደ ነበረ መካድ አይቻልም። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ከጠላት ጋር የተዋጉት፣ በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ የሸዋና የወሎ ሠራዊት የተጋጠመው፣ ፈረስና ጦር ገና ዋጋ ባላቸው ጊዜ ነበር። በዚያ ዘመን የጎልማሳው የበዓል ጨዋታ የዘመቻ ዝግጅትም ነበር።

ስለ ወራቱ

የደጋው ገበሬ ለጨዋታ የተለየ የጊዜ ሰሌዳ አላወጣም። ሰሌዳው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ክረምት ሜዳውን ያረጥበዋል፤ ሰውም በሥራ ይያዛል። መስከረም 17 ቀን የመስቀል በዓል ሲደርስ ዝናቡ ያባራል፣ መንገዱ ይከፈታል፣ ፈረሱም በአዲስ ሣር ወዝ ያወጣል። ስለዚህ የፈረሰኛው ወራት የሚከፈተው በመስቀል ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘንድ የተቀመጠው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ፣ በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ በመስቀል በዓል ይደረግ የነበረውን የሠራዊት ሰልፍ ገልጾ ጽፎአል።

ከመስቀል በኋላ መከር ይመጣል፤ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮም የገና ጾም ይገባል። በዚህ ጊዜ ፈረሰኛው ይቀዘቅዛል፤ እረኞችና ወጣቶች ግን የገናን ጨዋታ በዱላና በሩር ይጀምራሉ። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይከተላል። ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት 12 ቀናት የወራቱ ዋና ክፍል ናቸው። በጥምቀት ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው ሲመለሱ፣ የየአጥቢያው ሰው በአንድ ሜዳ ይገናኛል። ሌላ ጊዜ ሸለቆና ገደል የሚለያየው ሕዝብ በዚያ ቀን በአንድ ቦታ ስለሚቆም፣ ጉግስ ሁለት ወገንም ተመልካችም ያገኛል።

ወራቱ የሚዘጋው በዐቢይ ጾም ነው። ይህ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1 ቀን፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል። በመንዝ ደግሞ የበልግ ዝናብ ለገብሱ እርሻ እጅግ አስፈላጊ ስለ ሆነ፣ በዚያው ሰሞን ገበሬው ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። ከመስቀል እስከ ጥር መጨረሻ ብንቆጥር 133 ቀን እናገኛለን። ስለዚህ ወራቱ ምንም እንኳ የማኅበር ማኅተም ባይኖረው፣ መክፈቻውም መዝጊያውም ለማንም የታወቀ ነበር።

ስለ ማጣሪያው

በዳርት ማጣሪያ ለመግባት ፍላጻና መመዝገቢያ ገንዘብ ይበቃል። በጉግስ ግን የመጀመሪያው ደጅ ፈረስ ነው። በደጋው አገር በሬ ያርሳል፤ አህያና በቅሎ ይጭናሉ። ፈረስ ግን ገብስ እየበላ ለግልቢያና ለክብር የሚቀመጥ ከብት ነው። ኮርቻ፣ ልጓም፣ ጋሻም ሲጨመር፣ በሜዳው ለመቆም የሚችለው ባለ ሀብቱ ወይም የመኳንንቱ ወገን ሆኖ ይገኛል። የድኻው ልጅ በወንጭፍና በዱላ ዒላማ መምታት ቢማርም፣ የጌታውን ፈረስ ውኃ ሲያጠጣ በባዶ ጀርባው ላይ መጋለብ ቢለምድም፣ ፈረሱ የሌላ ሰው ነው።

ፈረስ በዚህ አገር የመብት መለኪያ ሆኖ እንደ ኖረ የመንዝ አፈ ታሪክ ይመሰክራል። መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። እነዚህ ስሞች የሦስት አለቆች ስሞች እንደ ሆኑና፣ አለቆቹም አገሩን በፈረስ ግልቢያ እንደ ተካፈሉት ይነገራል። ይህን እንደ ሰነድ አንቈጥረውም። ነገር ግን ሕዝቡ የርስቱን አመጣጥ በፈረስ እግር መተረኩ፣ ፈረስ ምን ያህል ከፍ ያለ ቦታ እንደ ነበረው ያስረዳናል።

ሁለተኛው ማጣሪያ መሬቱ ነው። በመንዝና በግሼ አምባ ላይ ሰፋፊ መስክ ይገኛል፤ የጓሳ ሣር ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በመርሐቤቴ በኩል ግን የጀማና የወንጪት ወንዞች አገሩን በጥልቅ ሸለቆ ስለ ቈራረጡት፣ ለጉግስ የሚሆነው በአፋፉ ላይ ያለው ሜዳ ብቻ ነው።

ስለ ደረጃው

የዳርት ተጫዋች ደረጃ በገንዘብ ይቈጠራል። የጉግስ ፈረሰኛ ደረጃ የሚታወቀው በፈረስ ስሙ ነው። ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም «አባ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተባሉ። ስሙ የፈረሱ ቢሆንም ትርጉሙ ወደ ጋላቢው ይሄዳል። ሰው በሜዳ ሲፎክር የሚጠራው ይህን ስም ነው፤ አዝማሪም የሚያወድሰው በዚህ ስም ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጉድለት እናያለን። የነገሥታቱና የመኳንንቱ የፈረስ ስም በመጻሕፍት ተጽፎ ለእኛ ደርሶአል። በአንድ ጥምቀት በአንድ የመንዝ ሜዳ ሁሉን ያስደነቀው ገበሬ ግን ስሙ በአብዛኛው የኖረው በሰሚዎቹ ትዝታ ብቻ ነው። የሰሚው ዕድሜ ሲያልቅ ደረጃውም ያልቃል።

ስለ መድከሙ

ጉግስ የደከመው በሁለት ታላላቅ ምክንያቶች ነው ብለን እናምናለን። የመጀመሪያው የጦር መሣሪያ መለወጥ ነው። በ1928 ዓ.ም. በማይጨው አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ በአገራችን ሠራዊት ላይ በወረዱ ጊዜ፣ ጋሻና ፈረስ የጦርነት ዋጋቸው ማለቁ በግልጽ ታየ። ሁለተኛው የአስተዳደር መለወጥ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ፣ ፈረስ የሚያስቀልቡና በበዓል ቀን ፈረሰኛ የሚያሰልፉ መኳንንት ከቦታቸው ተነሡ። ፈረሱን የሚቀልበው ሲጠፋ ጨዋታውም ከደጋፊው ጋር ወደቀ።

የገና ጨዋታ ግን ይህን ሁሉ አልፎ ቈየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገና ዱላና ሩር እንጂ ፈረስ አይጠይቅም። በዚያ ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ የተመታው ጌታ አይቈጣም። ከዚህ የምንረዳው፣ ደጁ የጠበበ ጨዋታ ደጁን የሚጠብቀው ሰው ሲወድቅ አብሮ እንደሚወድቅ፣ ደጁ የሰፋው ግን በራሱ እንደሚቆም ነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ጉግስ የመሳፍንት መዝናኛ ነበር፤ ቢጠፋ ምን ይጐዳናል?» ይሉናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኛም ድኻው ፈረስ ለጌታው የሚያጠጣበት ዘመን እንዲመለስ አንመኝም። ነገር ግን በዚሁ በአማራ ክልል፣ በአገው ምድር፣ የተለየ መንገድ አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት በዓሉን ያከብራል፤ ጉግስና ግልቢያም ያሳያል። በዚያ ፈረሱ የገበሬው የራሱ ነው፤ ጨዋታውን የያዘውም ማኅበር እንጂ አንድ ጌታ አይደለም። ስለዚህ ማኅበሩ መንግሥታት ሲለዋወጡ አልፈረሰም። ጉግስ ያለ መኳንንት ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

መደምደሚያ

የመንዝ ሰውም ቢሆን የፈረሰ ሥርዓትን መልሶ ማቆም አያቅተውም። የጓሳን ሣር ለብዙ ዘመን የጠበቀው የቄሮ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ኋላ ሌላ የጥበቃ ሸንጎ አቁሞ ሣሩን አድኖአል። ለጉግስ እንዲህ ያለ ሸንጎ ይቁም ወይም አይቁም የሚወስነው የአገሩ ሰው ነው፤ የእኛ ፋንታ ግን ከዚያ ያነሰና የቀረበ ነው።

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ተጽፈዋል። በዓላቱ ተመዘገቡ፤ በበዓላቱ ሜዳ የጋለቡት ሰዎች ግን ገና አልተመዘገቡም። ከእኛ መካከል ለገና ዕረፍት ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ራቤል ወይም ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ ተማሪ፣ ደብተርና እርሳስ ይዞ በአካባቢው ካሉት ሽማግሌዎች አንዱን ይጠይቅ። ማን ጋለበ? የፈረሱ ስም ማን ነበር? በየትኛው ሜዳ፣ በየትኛው ዓመት? የለንደኑ የ17 ዓመት ልጅ የወረወራቸው ፍላጻዎች ሁሉ ተቈጥረው ተጽፈዋል። የአያቶቻችንን ዘንግ የሚቈጥር መዝገብ የሚጀመረው፣ የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው።