ከመቅደላ እስከ ፕሪቶሪያ፦ ከሰቆጣ የታዩ የድኅረ ጦርነት ዘመናት

ሰቆጣ የጠረፍ ከተማ አይደለችም። ኢትዮጵያ ከትልልቅ ጦርነቶቿ ማግስት ከባሕር ማዶ ጋር የገባችባቸውን ግንኙነቶች ለመቃኘት ግን እንደ እሷ የሚመች ማማ ጥቂት ነው። ውሎቹ የተፈረሙት ሁሉ ሌላ ቦታ ነው፤ ሰቆጣ ያለችበት ዋግ የደረሰው ውጤታቸው ነው።

ዋግ የአገው ምድር፣ የኽምጣኛ አገር ነው። ገዥዎቹ ዋግሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር አገራቸውን በውርስ እንዲገዙ መብታቸው እንደተጠበቀላቸው ይተረካል። ሰቆጣ ደግሞ የጨው ገበያ ነበረች። ከጨው ሜዳው ከአርሆ የተቆረጠው አሞሌ ጨው በቅፍለት ተጭኖ ደጋውን ወጥቶ እዚያ ይራገፍ፣ ከዚያም ወደ መሀል አገር ይዘልቅ ነበር። በዚያ ዘመን ዋግ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በንግድ ነው፤ እጁንም ለተመጽዋትነት አልዘረጋም።

የመጀመሪያው መታጠፊያ የመቅደላ ጦርነት ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ሞቱ። እንግሊዞች አገር ለመያዝ ስላልመጡ ወዲያው ተመለሱ። ሲመለሱ ግን ላደረገላቸው ትብብር ለትግሬው ካሳ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ትተውለት ሄዱ። ባዶውን ዙፋን የያዙት የዋጉ ሰው፣ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ፤ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ካሳ የባለቤታቸው የድንቅነሽ ወንድም ነው። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ሁለቱ አማቾች አድዋ አጠገብ ተጋጠሙ። በሠራዊት ብዛት ንጉሡ ይበልጡ ነበር፤ በጦር መሣሪያና በሥልጠና ግን ካሳ። ንጉሡ ተማረኩ፣ ካሳም ዮሐንስ ፬ኛ ሆኑ። የዋግን ዘውድ የነጠቀው የትግሬ ክንድ ብቻ ነው ማለት ለእኔ ጎደሎ ታሪክ ነው። ሊሄድ የቸኮለ የባዕድ ጦር የተወው መሣሪያም አብሮ አለበት።

ከ25 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በአድዋ፣ ዋግሹም ጓንጉል ከምኒልክ ጎን ተሰልፈው ተዋጉ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ውል ታሰረ፤ የውጫሌ ውል ተሻረ፣ የኢትዮጵያም ነጻነት በጣሊያን ፊርማ ታወቀ። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች አዲስ አበባ ላይ ተተከሉ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር ዋና ከተማዋ ደረሰ። በዚህ የአገሪቱ የንግድ ወገብ ከሰሜኑ የቅፍለት መንገድ ወደ ምሥራቁ ሐዲድ ዞረ። የሰቆጣ ገበያ አልተዘጋም፤ ነገር ግን ከመንገድ ወጣ። ድሉ የዋግም ድል ነበር፤ ትርፉ የዋለው ግን ደቡብ ነው።

የጣሊያን ወረራ ዋግን ዳግም በጦር ጎበኘው። በ1929 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጠላት ላይ ተነሡ። ብዙም ሳይቆይ ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ከነጻነት በኋላ መንግሥት ከእንግሊዝ ሞግዚትነት ለመላቀቅ በጥር 1934 እና በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. ሁለት ስምምነቶች ፈረመ፤ ፊቱንም ቀስ በቀስ ወደ አሜሪካ መለሰ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. ጣሊያን ካሣ ልትከፍል ፓሪስ ላይ ፈረመች፤ በዚህ ካሣ አዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠራ። ከሰቆጣ ቆቃ ሩቅ ነው። ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉም የሚመረው ግን የኦጋዴን ጦርነት ማግስት ነው። ደርግ በ1970 ዓ.ም. ሶማሊያን ያስወጣው በሶቪየት መሣሪያና በኩባ ወታደር ነው። በኅዳር 1971 ዓ.ም. ከሞስኮ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈረመ። የመሣሪያው ወዳጅ ምሥራቅ ሲሆን ለስንዴው ግን ምዕራቡ ዘንድ መሄድ ግድ ሆነ። በዚህ መካከል ዋግ የጦር ሜዳ ነበር፤ ደርግን በትጥቅ የታገለው ድርጅት ኢሕዴን የተመሠረተው በኅዳር 1973 ዓ.ም. እዚያው ተክራርዋ ላይ ነው። ዝናቡ ቀረ፣ መንገዱ በጦርነት ተዘጋ፣ የዋግ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ ወደ ኮረም በእግሩ ወረደ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም መጠለያ በቢቢሲ ታየ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ለንደንና ፊላደልፊያ የላይቭ ኤድ ኮንሰርት ተካሄደ። ከወሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሰፈራ የሚጓጓዘውን ሕዝብ ደግሞ የሶቪየት አውሮፕላኖች ጫኑ። በጨው የምትታወቀው ምድር በአንድ ትውልድ ዕድሜ በእርዳታ ስንዴ ታወቀች።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል የብሔረሰብ ዞን ሆነ፤ ኽምጣኛም ትምህርት ቤት ገባ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ በዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ስትጨናነቅ፣ የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት መንግሥት ቃል ገባ። የቃሉ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። ከለጋሾች ጋር ለሚደረግ ትብብር የከተማዋ ስም መጠሪያ ሆነ።

ከስድስት ዓመት ያህል በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ደረሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪነት ፕሪቶሪያ ላይ ግጭት የማቆም ስምምነት ተፈረመ፤ ከዚህ በኋላ መንግሥት ከምዕራባውያን ጋር የሻከረውን ግንኙነት መጠገን ጀመረ። በዋግ ግን የአበርገሌና የጻግብጂ ተፈናቃዮች ከስምምነቱ በኋላም በመጠለያ ቆዩ፤ በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ሲጨመርበት እርሻቸው ተከዜ ዳር፣ እነሱ ሰቆጣ ዳር ነበሩ።